አራተኛው ሲባጎ

ዛሬ ከፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር ወደ ባሕሩ ስወርድ፣ ክሊፕ የሚቀርጹ የሀበሻ ልጆች ከነፋስ ጋር እየታገሉ የሸራ ጥላ ሲተክሉ አየሁ። የሸራው መርገብገብ እግሬን ያዘው።

ፊደል ያልቆጠርኩ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በካርቲየ 4 ሰፈር በነበረው ግቢያችን፣ ፎቶ አንሺው ጋሽ ኢድሪስ እማዬን ለፓስፖርት ሊያነሳት ሸራ ወጠረ። ያለ ጥላ ፀሐዩ ዓይን ያስጨፍናል። ሦስቱን ገመዶች፣ በትክክል ለመናገር ሲባጎዎቹን፣ ውሃ በሞሉ ጀሪካኖች ላይ አሰረ። አራተኛው ጀሪካን ስለሚያፈስ ሲባጎውን ለእኔ ሰጠኝ።

«አንቺ ጀሪካን፣ እንዳትለቂ!» አለኝ እየሳቀ።

የካምሲኑ ትኩስ ነፋስ ሲባጎውን ከእጄ ሊነጥቀኝ ታገለ፤ አሸዋው ጥርሴ ላይ ተንቀጫቀጨ። እማዬ በርጩማው ላይ ቀጥ ብላ እንደተቀመጠች፣ «ዛሬ ካልተነሳሁ ደላላው በእኔ ቦታ ሌላ ሴት ይልካል። አጥብቀሽ ያዢ፣ የኔ አንበሳ» አለች።

ወዴት እንደሚልካት አልጠየቅሁም። አንበሳ መባሌ በቅቶኝ፣ መዳፌ እስኪላጥ ያዝኩ።

ለፎቶው እንከን አልተገኘለትም። በወሩ ዐረብ አገር ሄደች፤ አልተመለሰችም።

«እትዬ፣ ይቺን ገመድ አንዴ ይያዙልን?» አለችኝ ከልጆቹ አንዷ።

እጄን በሻርፔ ሸፍኜ አለፍኩ።