በበዓለ ወልድ ዕለት አቀበቱን የወጡት አልጋዎች

በእኛ መሥሪያ ቤት ሰኔ ሲገባ የሰው ጠባይ ይበላሻል። ዓመቱን ሙሉ በጨዋ ደንብ «እንደምን አደርሽ» ብሎኝ የሚያልፈው ሁሉ፣ ሰኔ ላይ በሬን ሳያንኳኳ ዘው ብሎ «የእኔ ግዥ የት ደረሰ?» ይለኛል። በመስከረም ፍላጎትህን አስገባ ሲባል ለጥ ብሎ የተኛ፣ በጥር «እናያለን» ያለ፣ የበጀት መዝጊያ ሲደርስ ወንበሩም ኮምፒውተሩም መጋረጃውም ዛሬውኑ ካልተገዛ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። እኔም አፌ አያርፍም፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ስቀው ሲያበቁ ግን ከፊቴ አይነሡም።

እኔ ግዥ ክፍል ነኝ። ለሰሜኑ ደጋ የሚሆነውን ዕቃ ጨረታ አውጥተን፣ አወዳድረን፣ ገዝተን እናስረክባለን። ሰው ግዥ ክፍል ሲባል ምን እንደሚያስብ አላጣሁትም። ጎረቤቶቼ አዲስ ጫማ ባደረግሁ ቁጥር መጀመሪያ ጫማዬን፣ ቀጥሎ ፊቴን ያያሉ። ጫማውን ከጎንደር አራዳ ገበያ ተከራክሬ በቅናሽ ነው የገዛሁት፤ ግን ማን ያምነኛል? ስለዚህ ዛሬ ስለዚህ ሥራ የማወራው ለማማረር እንዳይመስላችሁ። ለማመስገን ነው። ምስጋናው ብዙ ነው፤ ነገሩ ከሆነ ወዲህ በሆዴ ይዤው ቆይቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃናሞራ ወረዳ፣ ከመካነ ብርሃን ከተማ አለፍ ብሎ፣ ደጋ ላይ፣ አንድ ጤና ጣቢያ አለ። በጤና ጣቢያው ግቢ ሕዝቡ አዋጥቶ የሠራው የእናቶች ማቆያ ቤት አለ። የመውለጃ ጊዜዋ የተቃረበ ሴት ከሩቅ መንደር ቀድማ መጥታ፣ ምጧ እስኪመጣ እዚያ ትቆይበታለች። ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ፣ ምጥ ከያዛት በኋላ ያለው አማራጭ ቃሬዛ ብቻ ነው። ቤቱ ግን ግድግዳና ቆርቆሮ ብቻ ነበር። ውስጡ አልጋ የለ፣ ፍራሽ የለ፣ ብርድ ልብስ የለ።

የጤና ጣቢያው አዋላጅ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት ልጅ፣ በየሳምንቱ ትደውልልኛለች። «እትዬ፣ እናቶቹ አንድ ሌሊት መሬት ላይ ያድሩና ብርዱን አልቻልነውም ብለው ይመለሳሉ። ከዚያ ቃሬዛ ነው። አንዳንዷ ትደርሳለች፣ አንዳንዷ አትደርስም» ትለኛለች። አንድ ዓመት ጨረታ አውጥተን ነበር። የጎንደር ነጋዴ ሁሉ «ጃናሞራ? በሰኔ? እኔ ልጆች አሉኝ!» ብሎ ቀረ። እንደገና ስናወጣ ሰኔ ሠላሳ ደረሰ፤ ገንዘቡ ወደ ካዝና ተመለሰ። ሕጉ ጨካኝ ነው፦ ዕቃው እስከ ሰኔ ሠላሳ ደርሶ፣ ተረካቢው አይቶ ካልፈረመ፣ በጀቱ የለም። ሐምሌ አንድ ቀን ላይ ብታለቅሱም የለም።

በዓመቱ ደግሞ ግዥው በኮምፒውተር ሥርዓት ይሁን ተባለ። ሸጋ ነው፤ ነጋዴው ሱቁ ተቀምጦ ይወዳደራል፤ ፖስታ ማሸግ፣ የጨረታ ሳጥን መጠበቅ ቀረ። ችግሩ ኔትወርክ ነው። ጠዋት ብቅ ብሎ ሰላም ይለንና እስከ ማታ ይሰወራል። እንደ ምንም ብሎ አንድ የአራዳ አልጋና ፍራሽ ሻጭ አሸነፈ። ቦርጫም፣ ነጭናጫ፣ አፉ እንደ እኔ የማያርፍ ሰው ነው። «ሾፌሩን ብቻውን ብልከው ከደባርቅ ይመለሳል። እኔው እሄዳለሁ፤ አንቺም ነይና እዚያው ተረከቢኝ» አለኝ። ያን ጊዜ ነገረኛ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ስሙ ሲነሣ እግዜር ዕድሜ ይስጠው እላለሁ።

የማስረከቢያውን ቀን የወሰነው ኮሚቴ ነው። ኮሚቴውን ባያችሁት! አንዱ ዲያቆን፣ አንዷ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ፣ እኔ የመሪጌታ ልጅ። ከሦስታችን ማናችንንም ከእንቅልፍ ቀስቅሳችሁ ቀኑን ብትጠሩልን በዓሉን እንነግራችኋለን። ወረቀቱ ላይ ግን «ሰኔ 29» ብለን ስንጽፍ የታየን የበጀት መዝጊያው ዋዜማ ብቻ ነው። ሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ መሆኑ ለአንዳችንም ትዝ አላለን። ከተማ ውስጥ በበዓለ ወልድ ቢሮ እንገባለንና! ደጋ ላይ ግን ገበሬው በዚያ ቀን አያርስም፣ ሸክም አይሸከምም። ያውም በሰኔ፣ ገብሱ ገና ብቅ ሲል። በዓል የሻረ ሰው በረዶ የሚጠራው በራሱ ማሳ ላይ ብቻ አይደለም፤ በአገሩ ሁሉ ላይ ነው ይባላል።

ደባርቅ አድረን በማለዳ ተነሣን። ጉሙ ከፊታችን እንደ መጋረጃ ተዘርግቶ ሾፌሩ በእግዚኦታ ነበር የሚነዳ። መካነ ብርሃንን አልፈን፣ የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ከአቀበቱ ላይ ወለል ብሎ ሲታየን እልል ልል አፌን ከፈትሁ። እልልታዬ ሳይወጣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቀጥ አለ። ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጠው ጎማው እየቆፈረ ይሰምጣል እንጂ አይነቃነቅም። ነጋዴው ወርዶ ጎማውን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ መጨረሻ እኔን አየኝ።

ደግነቱ ሕዝቡ ከቅዳሴ እየወጣ ነበር። ነጠላውን እንዳጣፋ መጥቶ ከበበን። ረጅም ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ከብቱ ደኅና፣ ልጆቹ ደኅና፣ አገሩ ደኅና። ሲስተርም በቦት ጫማዋ ከላይ እየሮጠች ወረደች። ከዚያ ነጋዴው «እስቲ ወንድሞቼ፣ ይችን ዕቃ እስከዚያች ቤት አንድ እጅ አግዙን» አለ። የተንቀሳቀሰ የለም።

«ዛሬ እኮ በዓለ ወልድ ነው» አለ አንዱ ጎልማሳ፣ አፍሮ።

ክው አልሁ። ነጋዴው ወደ እኔ ዞሮ «አይ የመሪጌታ ልጅ!» አለኝ።

«እንግዲያው ነገ?» አለ።

«ነገማ ልደቱ ለዮሐንስ ነው!» አሉ ሁሉም ባንድ ቃል።

«ከነገ ወዲያስ?»

«ከነገ ወዲያ ሸጋ ነው። አገር ሙሉ ይሸከምልሃል።»

ከነገ ወዲያ ሐምሌ አንድ ነው። የመንግሥት ዓመት ነገ ያልቃል፣ ዛሬ ካልተረከብን ዕቃውም ገንዘቡም ይመለሳል ብዬ ለማስረዳት ሞከርሁ። አንዲት ባልቴት በሐዘኔታ አዩኝና «ምነው ልጄ፣ ዓመት የሚያልቀው በጳጉሜ አይደለም እንዴ?» አሉ። ሲስተር እጄን ይዛ «እትዬ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ከትናንት ጀምራ ቤቱ ውስጥ አለች። መሬት ላይ ነው ያደረች። ልሂድ እያለች ነው» አለችኝ።

የደብሩ ቄስ ከኋላ ይመጡ ነበር። መስቀል ተሳለምሁና፣ ጌታ በሰንበት ፈውሶ አልጋህን ይዘህ ሂድ ያለውን በሽተኛ አስታውሼ፣ የአባቴን ቤት ትምህርት መዘዝሁ።

«መምሬ፣ መፃጉዕ አልጋውን ተሸክሞ የሄደ በምን ቀን ነው?»

ከጥምጣማቸው ሥር ዓይናቸው ሳቀ። «የማን ልጅ ነሽ?»

«አባቴ ጎንደር ድጓ ሲያስተምር ኖሮ ነው ያረፈ።»

«ታስታውቂያለሽ። እንግዲያው ልጄ፣ መፃጉዕ የተሸከመ የራሱን አልጋ ነው። ይኼ የመንግሥት አልጋ ነው።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ነጋዴው ሳይቀር ተንፈቀፈቀ። እኔ ግን እንባዬ መጣ፤ ንዴትም ነበር፣ ድካምም ነበር። አምና የተመለሰው ገንዘብ ዘንድሮም ዓይኔ እያየ ሊመለስ ነው። ያውም ቤቱ እየታየኝ!

ያኔ አንድ ሽማግሌ ከሰዎቹ መሃል ወጡ። ሁሉም «አያ» እያለ መንገድ ለቀቀላቸው። ቀጭን ናቸው፤ በትራቸውን ጭቃው ላይ ተከሉና ጎንበስ አሉ።

«ይፍቱኝ መምሬ። አንድ ነገር ልናገር።»

«እግዚአብሔር ይፍታ። ይናገሩ አያ።»

«አምና ልጄን ምጥ ይዟት በዚችው አቀበት በቃሬዛ ስናወጣት፣ ቀኑ ፍልሰታ ነበር። እርስዎም ከፊት ገብተው ተሸክመዋል። ያን ቀን በረዶ ይጥልብናል ያለ ሰው አልነበረም። ሬሳዋን ይዘን ስንወርድም በዓሉ ገና አልወጣም ነበር።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ለቃሬዛው ያልተከለከለ ትከሻ፣ ለአልጋው ምነው ተከለከለ?»

 መምሬ መሬት መሬት አዩ። ሲቆዩ ካባቸውን አውልቀው ለአንዲት ሴት አስያዙና «እውነትዎን ነው አያ። ይህ ሸክም አይደለም፤ ድውይ መጠየቅ ነው። ኃጢአት ከሆነም በእኔ ይሁን» አሉ። ወደ መኪናው ሄደው ጀርባቸውን ሰጡ። ሾፌሩ ፈራ ተባ እያለ አንድ ፍራሽ ጫነላቸው።

ከዚያ ወዲያ ማን ማንን ይከልክል! ጎልማሶቹ የአልጋውን ብረት ቃሬዛ እንደሚሸከሙ አድርገው አራት አራት ሆነው ያዙት፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ሳያቆም ከሥር እየገባ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበሉ። በዚያ አገር ሰው ለቃሬዛ ልምድ አለው። ሴቶቹ ብርድ ልብሱን ተካፈሉ። ነጋዴዬ ሁለት ትራስ አቅፎ በየእርምጃው እየቆመ «ሱቄ ደጃፍ ነው የማስረክበው ብዬ ብጽፍ ምን ነበረበት?» እያለ ያለከልካል። እኔም ሰማዩን ሰረቅ እያደረግሁ አያለሁ። ካፊያ ብቻ ነበር። ኋላ ደውዬ የገብሱን ነገር ሲስተርን ጠይቄአት ነበር፤ ሸጋ ሆኗል አለችኝ። ተመስገን!

ልባችሁ እንዳይንጠለጠል ይህንንም አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ መኪናው ጭነቱ ሲቀልለት ከጭቃው ወጥቶ፣ የፈረምነው ርክክብ በማግስቱ ከሰዓት ሒሳብ ክፍል ደርሷል። ሒሳብ ሹሟ ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ አይታ «ከየት መጣሽ?» አላለችኝም። ማኅተሟን አንሥታ መታችልኝ። እሷንም አመሰግናለሁ። በሰኔ ሠላሳ ከሰዓት ሳያጉረመርሙ ማኅተም መምታት ቀላል ጽድቅ አይደለም።

ቤቱ ውስጥ ነጋዴው መፍቻውን ይዞ ብሎኖቹን እሱው አጠበቀ። «እኔ የሸጥሁት አልጋ ሲንቋቋ አልሰማም» ይላል። ሲስተር አንሶላውን እያነጠፈች ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ነፍሰ ጡሯ ጥግ ላይ ቆማ ታያለች፤ ልጅ እግር ናት። ነይ ብትባል «ከፍ አለብኝ፣ እወድቃለሁ» አለችና ሴቶቹን አሳቀቻቸው። እኔ ዕቃውን አንድ በአንድ አየሁ፣ ፈተሽሁ፣ ተረከብሁ። በዚህ ሥራ ስኖር ስንት ነገር ገዝቻለሁ፤ የገዛሁት ነገር ሰው ቤት ገብቶ ሲዘረጋ ግን ያን ቀን ነው ያየሁ። ያንን ላሳየኝ አምላክ፣ ጀርባቸውን ለሰጡት መምሬ፣ ላልተመለሰው ነጭናጫ ነጋዴ፣ መደወል ላልሰለቻት ሲስተር ምስጋናዬ ማለቂያ የለውም።

ልንወርድ ስንል አያ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ጭቃ የያዘ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።

«ሲስተር፣ እስቲ አንዴ ልቀመጥበት?»

«ይቀመጡ እንጂ አያ።»

ከግድግዳው ጥግ ያለው አልጋ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፍራሹን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉት። የብርድ ልብሱን ጠርዝ ጉልበታቸው ላይ ሳብ አድርገው ቆዩ።

«ይሞቃል» አሉ።

«ይሞቃል አያ።»

«አምና መጥታ ነበር እኮ። አንድ ሌሊት እዚህ መሬቱ ላይ አደረች። ልጠይቃት ብመጣ ስትንቀጠቀጥ አገኘኋት። ብርድ ከሚገድላት ብዬ፣ ነይ የኔ ልጅ፣ ቤትሽ ይሻልሻል ብዬ፣ እኔው ነኝ መልሼ የወሰድኋት።»

ነጋዴው መፍቻውን እንደያዘ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

አያ ተነሡ። የተቀመጡበትን ቦታ በእጃቸው አስተካከሉ፣ ብርድ ልብሱን እንደነበረ አጠፉት። ከዚያ ጥግ ወደቆመችው ነፍሰ ጡር ሄደው እጇን ያዙና አምጥተው አስቀመጧት።

«አትወድቂም፣ ተኚ» አሏት። «እስክትወልጂ ከዚህ እንዳትነሺ። አባትሽ መጥቶ እንሂድ ቢልሽ እንኳ፣ እምቢ በይው።»

«እሺ አያ» አለች፤ እግሯን ሰብስባ ተኛች።