ቡራዩ ላይ የረጋው ውኃ

ትናንት ሐኪሟ የቁርጭምጭሚቴን ቁስል እንደ ብርሌ ጥርት ባለ ጄል እየሸፈነች፥ «አባ፥ ያቃጥልዎታል?» አለችኝ። እርሱስ አላቃጠለኝም። ያቃጠለኝ የድሮው ነው።

ያን ጊዜ ወጣት ዲያቆን ነበርሁ፤ ከቅኔ ቤት ወጥቼ ሳይንስ እማር ነበር። ሥራዬም ፔፕታይድ ከሚባሉ አጫጭር የፕሮቲን ሰንሰለቶች ለሕዋሳት ማደሪያ ማበጀት ነበር። ቀኝና ግራ ቆመው እየተቀባበሉ እንደሚያዜሙ መዘምራን፥ ውኃ የሚወድደውን ቅንጣትና ውኃ የሚሸሸውን እያፈራረቅሁ ደረደርሁ። እንዲህ የተደረደረው ሰንሰለት በውኃ ሟሙቶ ሳለ ጨው ሲነካው፥ ማንም ሳይገጣጥመው ራሱ ተሳስሮ ይረጋል። ሕዋሳቱ ግን ሳይረጋ ሊገቡበት ይገባል፤ ባዶውን ከረጋ ከንቱ ነው።

ሕዋሳቱ ሆለታ፥ በአንድ ወዳጄ ቤተ ሙከራ ይጠብቁኝ ነበር። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ከውጭ የመጣልኝን ፔፕታይድ አሟሙቼ፥ ያችኑ አንዲት ጠርሙስ ከጨው ውኃው ጋር በበረዶ ሣጥን ይዤ ተነሣሁ። ወራቱ ጤፍ የሚታጨድበት፥ አገሩም አዲስ አበባን በዙሪያዋ ገበሬ ማሳ ላይ በሚያሰፋው ማስተር ፕላን የታመሰበት ነበር። ቡራዩ ስንደርስ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ፥ ጎማ እየነደደ፥ የተቆጡ ወጣቶች ሚኒባሳችንን አስቆሙት።

«ሣጥኑ ምንድን ነው?» አለኝ ዓይኑ በጢስ የቀላ ጎረምሳ። «ያባቴን ማሳ የለኩትም እንዲህ ሣጥን አንግተው ነው የመጡት!»

«መድኃኒት ነው።»

«እንግዲያው ጠጣዋ!»

«ዓርብ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም።»

«አያችሁ? ጾሙ አሁን መጣበት! መርዝ ባይሆን ይጠጣ ነበር!»

ኦቦ ቶሎሳ የሚሏቸው ሽማግሌ ከኋላ ደርሰው፥ «ተዉት! ምን እንደሚሠራ ያሳየን» አሉ። ጎረምሳው ድንጋይ አንሥቶ ከጠርሙሷ በላይ አንዣበበ። ሕዋሳቱ ሆለታ እንዳሉ ብለምንም ሰሚ አጣሁ። የጨው ውኃውን ጨመርሁ፤ ጥቂት ቆይቼ ጠርሙሷን ዘቀዘቅኋት። አልፈሰሰም።

ሁሉም አንገቱን አስግጎ ጠርሙሷን አየ። ከዚያ ጎረምሳው ድንጋዩን ጥሎ አፈገፈገ። «ደብተራ ነው! ውኃ አሰረ! ሳይደግምብን አሳልፉት!»

ከመንገዱ ላይ ድንጋዩን ተሻምተው አነሡልኝ። እስከ ሆለታ ክፍት ነበር፤ የማደርሰው ግን አልነበረኝም። ኦቦ ቶሎሳ በመስኮቱ ጠጋ ብለው፥ «ይቅር በለን፥ ልጄ» አሉኝ። መስኮቱን ዘጋሁባቸው።

ማሳ የተወሰደበት ልጅ ቁጣው እውነት እንደ ነበረ አውቃለሁ። ማሳውን ግን የወሰድሁት እኔ አልነበርሁም። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ከሚለው ስደርስ ምላሴ ዛሬም ይከብዳል።

ሐኪሟ የተረፈውን ጄል ልትጥል ስትል ብልቃጡን ተቀብዬ ዘቀዘቅሁት። አልፈሰሰም።

«አባ፥ ምን እያዩ ነው?» አለችኝ።

«ቂሜን» አልኋት።