የመኮንኑ ኮት ቀዳዳ

መርፌ ይሏታል። የሙዚየሙ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ የተቀደደ ነገር ካየች ግን እጇ አያርፍም። የባልደረቦቿን ጋዋን፣ የዘበኛውን ኪስ፣ የመጋረጃውን ጠርዝ ሁሉ የጠቀመች እሷው ነች። የዕቃ ክፍል ኃላፊዋም የክፍሉን ቁልፍ አምነው የሰጧት ለዚሁ ነው። አንድ ቀን ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ፣ ደረቱ በኒሻን የተሞላ መኮንን የለበሰውን ኮት አወጡላትና፣ «ገበሩ ለቋል፤ ያዝ ያዝ አድርጊልኝ» አሏት።

ገበሩን ያዝ ያዝ አደረገች። ትከሻው ላይ ደግሞ ባቄላ የምታህል ቀዳዳ አየች። «ብል ነው» አለች በሆዷ። ከውስጥ ክር መዝዛ ደፈነችው፤ ኋላ ራሷም ፈልጋ እስክታጣው ድረስ።

ኮቱ ወደ መስታወት ሳጥኑ በተመለሰ ማግስት ወለል ስትወለውል አስጎብኚውን ሰማችው።

«ጥይቷ የገባችው እዚህ ጋ ነው፤ እሱ ግን ከፈረሱ አልወረደም!»

ተማሪዎቹ አንገታቸውን አሰገጉ። «የታለ?» አለች አንዷ።

አስጎብኚው ዓይኑን አሸ። «መብራቱ ነው» ብሎ አለፈ።

መርፌ ባልዲዋን አንስታ ወጣች። ቤቷ ገብታ ለእህቷ ብትነግራት እህቷ በሳቅ ፈነዳች።

«ሐኪም ያቃተውን ቁስል አዳንሽው በይኛ!»

«አትሳቂብኝ፣ ቢያባርሩኝ ምን ይውጠኛል?»

«መልሰሽ ተርትሪዋ።»

«ያረጀ ጨርቅ ነው፤ ክሩን ተከትሎ ይበጣጠሳል።»

«እንግዲያ ዝም በይ።»

ዝም ማለቱስ መች ሆነላት? ተቀመጠች፣ ተነሳች። ሽንኩርት ልትከትፍ ቢላዋ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። አስጎብኚው ነገም ጣቱን እዚያው ሊቀስር ነው።

ጠዋት ኃላፊዋን በር ላይ ጠበቀቻቸው። «እትዬ፣ ቀዳዳውን የደፈንኩት እኔ ነኝ። ብል መስሎኝ።»

ኃላፊዋ ሳጥኑን ከፍተው ኮቱን ገለባብጠው አዩት። «ከነካነው ይብሳል» አሉ በመጨረሻ። «ሳልነግርሽ የሰጠሁሽ እኔ!» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፉን።»

ሰጠቻቸው። «መወልወያዬስ?»

«መወልወያሽን ማን ነካብሽ?»

አሁን አስጎብኚው አነጋገሩን ለውጧል፤ «እዚህ ጋ ተመታ፤ በኋላ አንዲት ሴት ሰፋችው» ይላል።

«ሚስቱ ነች?» ብለው ይጠይቁታል።

እሱም ጎንበስ ብላ ወደምትወለውለው ሴት ዞር ይላል። «ያቻትና» ሊል ነው እያለች ልቧ ይሰቀላል። እስካሁን አላለም። እሷ ግን ጎብኚ በገባ ቁጥር ያንኑ የጸዳ ወለል ደግማ ትወለውላለች።