የአማቴ ጠመንጃና የሰማዩ ቀለም

ከአዲሱ ገበያ እስከ እንጦጦ ጫፍ እንደ እኔ ጠመንጃ የሚያጸዳ ሰው አልተፈጠረም። እኔ የወለወልኩት ብረት ላይ ያረፈች ዝንብ ተንሸራታ ሽሮ ሜዳ ነው የምትገኘው። ይህን ለሚሰማኝ ሁሉ መናገር ከጀመርኩ ስምንት ዓመት አለፈኝ። ለማይሰማኝም እናገራለሁ፤ ሚኒባስ ውስጥ ጎኔ የተጣበቀ ሰው የት ይሄዳል?

እርግጥ ጠመንጃው የእኔ አይደለም። ቁስቋም ዳገቱ ላይ የሚኖሩት የአማቴ፣ የሚስቴ አባት ነው። ፈቃድ ያለው፣ ባለሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ፤ በጉልምስናቸው ቆቅና ጅግራ አድነውበታል። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸውንም ሞራ ጋርዶታል። ስለዚህ በየወሩ እኔ አጸዳለሁ፣ እሳቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያዛሉ። እውነቱን ለመናገር እሳቸው እያዘዟት ፍየልም ጠመንጃ ታጸዳለች።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ግን ነገሩ ከበድ አለ። አማቴ ጠመንጃውን ከቤተሰቡ ለአንዱ በሕግ ሊያዛውሩ ወስነው ነበር።

"ዛሬ ሥራህን በጆሮዬ አይቼ እቆርጣለሁ" አሉኝ።

እኔ በልቤ ከተረከብኩት ቆይቻለሁ። የሚቆለፍ የብረት ሣጥን አሠርቻለሁ። ለእድር ጓደኞቼም ጠመንጃ ያለው ሰው እንዴት እንደሚራመድ ወዲያና ወዲህ እያልኩ አሳይቻቸዋለሁ።

"መጀመሪያ ምን ይደረጋል?" ሲሉ ጀመሩ።

"ሰው ይርቃል፤ አፈሙዙ ወደ መሬት ይዞራል። ከወገቡ ታጥፎ ይከፈትና ጥይት የሚገባበት ሁለቱም ቀዳዳ ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል።"

"ጥይቱስ?"

"ጓዳ ተቆልፎበታል አባባ። ቁልፉ አንገትዎ ላይ ነው።"

አንገታቸውን ዳሰሱ። "ቀጥል።"

ከፈትኩት፤ ጣቴን ሰድጄ ባዶ መሆኑን አየሁ። ጥንዱን አፈሙዝ ከሰደፉ ነቀልኩና በዘንግ ጫፍ ጨርቅ ጠምጥሜ ከኋላ ወደ ፊት እገፋ ጀመር።

"ዘይቱን በጠብታ! ሰላጣ አደረግኸው እንዴ?"

"ጠብታ እኮ ነው አባባ።"

"ሲንቆረቆር ሰማሁት!"

ዘይት ሲበዛ አቧራ ይሰበስባል፣ ወርዶም የሰደፉን እንጨት ያበሰብሳል። ይህን ከእሳቸው አንድ ሺህ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ስቀንስ ነው አንድ ሺህ ያልኩት። በቆዳ ማኅደር ውስጥ ማስቀመጥማ ኃጢአት ነው፤ ቆዳው የእንጦጦን እርጥበት እየጠጣ ብረቱን ያዝገዋል። ላብ ያለው እጅ የነካውም ሁሉ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይታበሳል።

መጨረሻ ላይ የሚደረገው ባዶውን አፈሙዝ ወደ ሰማይ አንስቶ በውስጡ ማየት ነው። ንጹሕ ከሆነ ብርሃኑ ክብ ሆኖ ይታያል። እዚህ ላይ አማቴ ያላቸው የእኔ ዓይን ብቻ ነው።

"ሰማዩ ታየህ?"

"ታየኝ አባባ።"

ሌላ ጊዜ እዚህ ላይ አቆማለሁ። ያን ቀን ግን ሹመቱ አፍንጫዬ ሥር ደርሶ ነበርና ጨመር አደረግኩ። "ጥርት ያለ ሰማያዊ! አንድ ዳመና የለበትም!"

አፌን ሳልዘጋ የበረንዳው ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ይንጣጣ ጀመር።

አማቴ ፊታቸውን ወደ ጣሪያው አቀኑ። "ይሄ ታዲያ ምንድን ነው? ሰማያዊው ነው የሚንጠባጠበው?" ከዚያ ወደ ቤት ዞረው "አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ!" ብለው ሚስቴን ተጣሩ።

ሚስቴ እጇን አድርቃ መጣችና ተቀበለችኝ። በአንዱ አየች፤ በሌላው አየች፤ ደግማ አየች።

"አባዬ፣ በቀኙ ዳመናው ይታያል። በግራው ግን ጨለማ ነው።"

በዘንጉ ገፋችው። ከመወልወያዬ ተቀድዶ የቀረ ጨርቅ፣ እንደ ቡሽ ተወትፎ ኖሮ፣ ዱብ አለ። አማቴ አንስተው በጣታቸው ዳበሱት። አልሳቁም።

"ይሄ ውስጡ እያለ ቢተኮስ ብረቱ ይፈነዳል። የተኳሹ እጅና ፊት አብሮ ይሄዳል። እኔ አንተን አምኜ ነበር።"

የተረፈውን ጨርቅ አጣጥፌ ከዘይቱ ጎን አስቀመጥኩ።

"ጠመንጃው የልጄ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ሰኞ ፈቃዱን ማዛወር እንጀምራለን። አንተ ዘይቱን ያዝላት፤ በጠብታ።"

ዳገቱን ስንወርድ ሚስቴ ጃንጥላውን ለሁለታችን እንደያዘች "አንተ፣ የታክሲ ታርጋ ከመንገድ ማዶ ታነባለህ። ያን የሚያህል ውታፍ እንዴት አልታየህም?" አለችኝ።

ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ። እፈራለሁ። ጥይቱ ጓዳ ተቆልፎበት፣ ሰደፉና ቃታው ጠረጴዛ ላይ ቀርተው፣ የያዝኩት ባዶ ቧንቧ መሆኑን እያወቅኩ፣ ወደ ፊቴ ሳስጠጋው ሁለቱንም ዓይኖቼን እጨፍናለሁ። በዚያ ጠመንጃ ውስጥ አንድም ቀን ሰማይ አይቼ አላውቅም።