ሲኞራ ሉቺያን ያወረድንበት ወንበር

ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለው ቤታችን የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። ጉም ወርዶ ስለነበር እናቴ ከአጥሩ በር አልፋ ስትሸኘኝ ፊቷን በደንብ አላየሁትም። «በል ሂድ፣ መኪናው ያመልጥሃል» አለችኝ። ዞር ብዬ ሳላይ እንጅባራ መናኸሪያ ገባሁ። የሱዳኑን፣ የሊቢያውንና የባሕሩን ነገር ያየ ያውቀዋል፤ ላላየው አልመኝለትም።

ጣሊያን አገር ቶሪኖ ደርሼ መጋዘን ውስጥ ዕቃ መጫን ጀመርኩና ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ብርዱ ለእንጅባራ ሰው ብርቅ አይደለም። የከበደኝ ዝምታው ነው። እኛ ዘንድ መንገደኛ እንኳ «እንደምን አደራችሁ» ሳይል አያልፍም፤ እዚህ ደረጃ ላይ «ቦንጆርኖ» ስል ሌባ መስዬው ኪሱን የሚዳብስ ነበረ።

አንድ ቀን አሳንሰሩ ተበላሽቶ ቆመ። አምስተኛ ፎቅ ላይ ሲኞራ ሉቺያ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ብቻቸውን ይኖራሉ። እግራቸው አይታዘዝላቸውም፣ ለኩላሊት እጥበት ደግሞ ሆስፒታል መመላለስ አለባቸው። የሚወስዳቸው ሹፌር «ደረጃ መውጣት ሥራዬ አይደለም» ብሎ ባዶውን ተመለሰ። ወደ አከራዩ ወኪል ተመላለስኩ።

«አሳንሰሩ መቼ ይሠራል?»

«ዶማኒ» አለኝ፤ ነገ ማለቱ ነው።

«ትናንትም ነገ ብለውኝ ነበር።»

«ታዲያ ቃሌን መቼ ቀየርኩ?»

እኛ አገር የታመመን ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ ማድረስ የሁሉም ሥራ ነው፤ የሚለመን የለም። እዚህ ግን በየበሩ እያንኳኳሁ፣ በተሰባበረ ጣሊያንኛዬ «አንተ ምን ትችላለህ? አንቺስ?» እያልኩ ጠየቅሁ። ሮማኒያዊው ዮን አናጺ ኖሯል። ሞሮኳዊቷ ፋጡማ ልብስ ሰፊ ናት። መጀመሪያ እንደ አገሬ ቃሬዛ ሠራን፤ የደረጃው መታጠፊያ ላይ አልዞር አለ። በኋላ ዮን ወንበር ላይ መሸከሚያ እንጨት መታበት፣ ፋጡማ ማሰሪያውን ሰፋች፣ እኛ ጎረቤቶች እየተፈራረቅን ተሸከምን።

ሲኞራ ሉቺያ መጀመሪያ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ብለው አለቀሱ። ከዚያ በየፎቁ ስናርፍ ጣሊያንኛችንን ያርሙን ጀመር። «እንደዚያ አይባልም! ድገመው!» ላቤ እየተንጠፈጠፈ ግሥ አረባለሁ። ለወኪሉ የምንለውንም ያስጠኑን እሳቸው ናቸው። አንድ ጠዋት የሕንፃው ሰው ሁሉ ሆነን ከነወንበራቸው ቢሮው ይዘናቸው ገባን። ወኪሉ እዚያው ስልክ አንስቶ ጠጋኝ ጠራ። አሳንሰሩ በዚያው ሳምንት ተሠራ። እኛ ግን እሁድ እሁድ እሳቸው ቤት መሰብሰባችንን አልተውንም፤ ትምህርቱም ቀጥሏል።

ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት ደስ አላት።

«ጎሽ የኔ ልጅ! ሴትዮዋ ግን ልጅ የላቸውም እንዴ?»

«አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ጀርመን አገር ነው የሚሠራው።»

 

«አባትህንም ባለፈው ወገቡ ተይዞ የጎረቤት ልጆች ናቸው ሐኪም ቤት ያደረሱት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህስ ልጄ፣ እዚያ ሆነህ ምን ታደርግ ነበር?» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።