በቴክስት የመጣ መርዶ

ያ ልጅ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ያቅለሸልሸኛል። ሎንዶን ተወልዶ ያደገ፣ ደህና ደመወዝ የሚበላ ፕሮግራመር ነው። የእድራችንን አባላት መረጃ ያለ ክፍያ ኮምፒውተር ላይ አስገባልን፤ ሽማግሌዎቹም መረቁት። እኔም በዚያው ሙያ ስለምኖር ሥራውን ቼክ እንዳደርግ ጠየቁኝ።

መረጃውን የሚያስቀምጠውና የሚልከው በአንድ ላይብረሪ፣ ሌሎች ጽፈው ባስቀመጡት ዝግጁ ኮድ ነበር። ላይብረሪው መረጃ የሚገለብጥበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው እስከ ውስጡ ድረስ ይገለብጣል። ሁለተኛው ላይ ላዩን ብቻ ነው፤ ውስጡ የጋራ ሆኖ ይቀራል፣ ቅጂው ላይ የጻፍከው ዋናውም ላይ ይጻፋል። ለአንድ ቤት ሁለት በር እንደ ማውጣት ነው፤ ሁለት ቤት አይሆንም። ልጁ የመረጠው ይኼኛውን ነው። "ተው፣ አደጋ አለው" አልኩት። "ሲስተር፣ ያኛው ስሎው ነው። ሪላክስ!" ብሎ ሳቀብኝ። ምን አባቱ ሪላክስ ይለኛል!

አንድ ዓርብ የጎረቤቴ እናት አዲስ አበባ ማረፋቸው ተሰማ። ጎረቤቴን እታለም ነው የምላት፤ ካሌዶኒያን ሮድ ከእኔ ፎቅ በታች የምትኖር፣ ሂትሮው ጽዳት የምትሠራ ሴት ናት። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ተሰዳ ከወጣች ጀምሮ እናቷን አላየቻቸውም። መርዶ በስልክ አይነገርምና ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ማለዳ ቤቷ ሄደው ሊያረዷት ተስማሙ። ልጁ ከመርዶው በኋላ ለአባላት የሚላከውን ቴክስት አስቀድሜ ላዘጋጅ ብሎ የእሷን መረጃ ገለበጠና ቅጂው ላይ "እናቷ አርፈዋል" ብሎ ጻፈ። ዋናውም አብሮ ተለወጠ። ሲስተሙ ደግሞ ዋናው ላይ ሐዘን ሲጻፍ ለአባላት በሙሉ በራሱ ይልካል። በሙሉ! ለእሷም ጭምር።

እኔ ፊንስበሪ ፓርክ አውቶቡስ ስጠብቅ ቴክስቱ ደረሰኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የእድሩ ሊቀመንበር ለሁላችንም እየደወሉ "ማንም እንዳይደውልላት፤ ሥራ ላይ ስልክ አታይም፣ ምናልባት አላየችው ይሆናል" ይሉ ጀመር።

አይታዋለች። ብዙም ሳይቆይ ደወለችልኝ፤ ሥራ ቦታዋ መጸዳጃ ቤት ውስጥ በር ዘግታ ነው።

"እውነት ነው?" አለችኝ።

"አይዞሽ" አልኳት። ያ በቃት።

"ለማንም እንዳትነግሪ" አለች፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። "እናቴ እኮ ሰው ናት። እሷን በቴክስት ተረዳሁ አልልም። ነገ ሽማግሌ በወጉ መጥቶ ያርዳኝ። ማይልኝ!"

"ማርያምን አልናገርም፣ እታለም" አልኳት።

በማግስቱ ማለዳ እኔና ልጁ ሽማግሌዎቹን ተከትለን ሄድን፤ እታለም በሩን ስትከፍት ምንም እንዳልሰማ ሰው "ምነው በደኅና?" አለች። ሽማግሌው ንግግራቸውን ሳይጨርሱ "እማዬን!" ብላ ወለሉ ላይ ወደቀች። ለቅሶው የውሸት አልነበረም። ዓይኗ ግን አስቀድሞ አብጦ ነበር፤ ያንን ያስተዋልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ልጁ ከኋላዬ ቆሞ እፎይ ሲል ሰማሁት። "አየሽ? አላየችውም። ኖ ሃርም ዳን" አለኝ በጆሮዬ። ቱ! ፊቱ ላይ ልተፋበት ምራቄ አፌን ሞላው። ምን ላድርግ፣ ምያለሁ፤ ዋጥኩት።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ "አሁንስ ኮዱን ታስተካክለዋለህ?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ለምን?" አለኝ። "ምን ተበላሸ?"