የዋለልኝ ጣትና የጥምቀቱ በርሜል

ዋለልኝ አዲስ አበባ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የውሃ ቧንቧ ሲዘረጋና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ቶሮንቶ የገባው ልጁ ጸዮን ስፖንሰር አድርጋው ነው። እዚህ ሲመጣ ግን ላይሰንስ የለህም ተባለና ያ ሁሉ ሙያ ከሻንጣው ጋር አልጋ ሥር ገባ። ኢቶቢኮ ያለ የቀዘቀዘ ምግብ የሚከማችበት ዌርሃውስ ተቀጥሮ ዘጠኝ ዓመት ካርቶን ሲያነሣ ሲጥል ኖረ። ጓንት አይስማማኝም ይል ነበር፤ በጓንት የሚሠራ ሰው ሠራተኛ አይመስለውም። አይ ዋለልኝ! ያ ቅዝቃዜ ዓመት ቆጥሮ ሒሳቡን አወራረደው።

ካለፈው ዊንተር ጀምሮ የቀኝ እጁ ጣቶች አይሰሙትም። አንድ ቀን ምድጃው ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ እጁን ያነሣው የተቃጠለ ነገር ሲሸተው ነው። ለጸዮን ዘይት ተፈናጠቀብኝ ብሎ ሸወዳት። እሷ አረጋውያንን እየተንከባከበች የምትኖር ልጅ ናት፤ ብትሰማ በማግስቱ ጎትታ ሐኪም ቤት እንደምትወስደው፣ ከሥራም እንደምታስወጣው ያውቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ዋለልኝ ይህን ተረት ለሌላው ሰው ሲተርት አንደኛ ነው።

ጄን ኤንድ ፊንች የሚባለው ሰፈር ባለ አንድ አሮጌ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ እነ ዋለልኝ ስልሳ ቤተሰብ ሆነው ለጸሎት የሚከራዩት አዳራሽ ነበር። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ከአንዱ ምድር ቤት ወደ ሌላው ሲንከራተቱ ኖረዋል፤ እዚያ ሲገቡ እናቶች ወለሉን ስመው ነው የገቡት። አምና ለጥምቀት ውሃ በበርሜል ሞልተው፣ ሰው ሁሉ በጆግ እየጨለፈ ሲሻማ፣ የፈሰሰው ውሃ ወለሉን አልፎ ታች ያለው የጨርቅ ነጋዴ ጥቅልሎች ላይ ወረደ። ባለሕንፃው ደብዳቤ ጻፈ። አንዲት ጠብታ ዳግመኛ ብትወርድ ውሉ እንደሚያበቃ በግልጽ አስፍሮታል።

የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሰላሙ ዘንድሮ ከታች ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ይሁን፣ ሰው ተሰልፎ በሥርዓት ይቅዳ አለ። ሥራውንም እዚሁ ላለ ላይሰንስ ላለው ሰው እንስጥ የሚል ሐሳብ አነሣ። ዋለልኝ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። እኔ ሳልሞት ማን ነው እሱ፣ ለአንድ በርሜል፣ አለ። ሰላሙም ሽማግሌ ላለማስቀየም እሺ አለ።

በርሜሉ ሰማያዊ፣ ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ፣ ወይራ ፍሬ የመጣበት ነው። ዋለልኝ አጥቦ አጥቦ ሽታውን አስለቀቀው። ከታች አራት ጣት ከፍ ብሎ ለካ፣ ክብ በሚቆርጠው መሰርሰሪያ ቀዳዳውን አወጣ፣ ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ። ሙያው ያለው እዚህ ጋ ነው። ከመሰርሰሪያው የቀረች አንዲት የፕላስቲክ ስንጥር እንኳ ካለች የጎማው ቀለበት እላይዋ ላይ አይተኛም፣ ውሃም መንገድ አያጣም። ስለዚህ ዋለልኝ ድሮ ለሚያሠለጥናቸው ልጆች የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ ዓይን ያታልላል፣ ጣት አይዋሽም፤ ዓይንህን ጨፍንና ጣትህን አዙርበት። አሁንም ዓይኑን ጨፍኖ ሌባ ጣቱን በቀዳዳው ዙሪያ አዞረ። ምንም አልቆረቆረውም። ለስላሳ ነው አለ በልቡ። ጣቱ ዝም ማለቱን ለስላሳ ነው ብሎ ተረጎመው፤ ደንዝዞ ሊሆን ይችላል ብሎ ማሰብ አልፈለገም። ጸዮን ማዶ ክፍል ተቀምጣ ነበር። ነይና ንኪልኝ ቢላት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ አላላትም።

ጎማውን ከውስጥ አስተኝቶ፣ የቧንቧውን ማጥበቂያ ከውጭ በእጁ ብቻ አጠበቀ። ጎማ ያለበት ቦታ መፍቻ አይነካም፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ይጠመዘዝና ያፈሳል። ይህንንም ከማንም በላይ ያውቃል።

ሐሳቡ በከተራ ዕለት ሞልቶ፣ አሳድሮ፣ ደረቅ መሆኑን አይቶ፣ ባመጣው ጎማ ቱቦ አፍስሶ፣ ለጥምቀት ጠዋት ንጹሕ ውሃ መሙላት ነበር። የከተራ ዕለት በረዶው አውቶቡሱን ሁሉ አስቆመው። የደረሰው በጥምቀት ጠዋት ነው። በርሜሉ ሞልቶ አንድ ሰዓት ሳይቆይ መምሬ ታዴዎስ ከቶርንክሊፍ ፓርክ በስንት መከራ ደረሱ። ከስልሳው ቤተሰብ በረዶውን ጥሶ የመጣው ሃያ አይሞላም። መምሬ ልብሰ ተክህኗቸውን ለብሰው፣ መስቀላቸውን ይዘው በርሜሉ አጠገብ ቆሙና ወደ ዋለልኝ ዞሩ።

«ባለሙያው አንተ ነህ። ልባርከው?»

ዋለልኝ ተንበርክኮ ጣቱን በማጥበቂያው ሥር አዞረ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ።

«ደረቅ ነው አባታችን» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ተባረከ፤ እልልታው ቀለጠ። እልልታው ሳያባራ ጸዮን ነጠላውን ልታቀብለው ጠጋ አለችና ከማጥበቂያው ሥር ያላነሣውን እጁን አየች። ከሌባ ጣቱ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል፤ እጅጌው እስከ ክርኑ ርሷል።

«አባዬ፣ እጅህ እኮ ርሷል» አለችው ቀስ ብላ።

ዋለልኝ እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየው። ከዚያ ያደረገውን ያደረገው ደንግጦ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አይነካም ሲል የኖረውን መፍቻ አንሥቶ ማጥበቂያውን ጠመዘዘው። ጎማው ተጣመመ፣ ጠብታው ወደ ክር ተለወጠ።

መፍትሔው ክንድ አይርቅም ነበር። የጎማው ቱቦ እግሩ ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ የጽዳት ክፍሉ የውሃ መውረጃ ደግሞ በሩ አጠገብ ነው። ቧንቧውን ከፍቶ ወደዚያ ቢለቀው በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ግን ማን? የተባረከ ውሃ ከሽንት ቤት ቆሻሻ ጋር ወደሚሄድበት ቱቦ ማን ይልቀቅ? ማንም አትልቀቁ አላለም፣ ማንም ልልቀቅ አላለም። ሰላሙ ቱቦውን አነሣ፣ መምሬን አየ፣ መልሶ አስቀመጠው። መምሬም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዋለልኝ ራሱ እጁ አልታዘዘለትም፤ ይህ ግን ከድንዛዜው አይደለም። ሴቶቹ ድስት፣ ጆግ፣ የሕፃን ጡጦ ሳይቀር አመጡ፤ በባልዲ እየተሸከሙ ደረጃ ወርደው እግር ያልረገጠው በረዶ ላይ አፈሰሱ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚሉት ያን ቀን እናቶች ወለሉን በነጠላቸው እየመጠጡ ሲጨምቁ ስላላዩ ነው። በርሜሉ ሳይጋመስ ታች ያለው ጨርቅ ነጋዴ በሩን አንኳኳ።

ደብዳቤው በሳምንቱ መጣ። በወሩ መጨረሻ አዳራሹን ለቀቁ።

የሚገርመው ሰዉ ነው። ማንም ዋለልኝን አልወቀሰውም። በርሜሉ ነው፣ ያገለገለ ፕላስቲክ ምን ይታመናል፣ ተሰንጥቆ ይሆናል ተባለ። ሰላሙ ሳይቀር ደውሎ፣ ጋሽ ዋለልኝ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ርካሽ በርሜል አቅርበን ጉድ ሠራንዎት አለው። ዋለልኝ እግዜር ይስጥህ ብሎ ስልኩን ዘጋው።

በርሜሉን ማንም ስላልፈለገው ቤት አምጥቶት ነበር። አንድ እሑድ፣ ሌላ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን በሚሆኑበት ሰዓት፣ ሳሎን ውስጥ አስተኝቶ መግጠሚያውን ፈታና ጸዮንን ጠራት።

«ጣትሽን ቀዳዳው ላይ አዙሪልኝ።»

ዓይኗን እንኳ አልጨፈነችም፣ ግማሽ ዙር ሳትደርስ እጇን መለሰች። እዚህ ጋ ይወጋል አለችው። ዋለልኝ ጣቷ የነበረበት ላይ ጣቱን አሳረፈ፣ ተጫነው፣ አመላለሰው።

«ለስላሳ ነው» አለ።

ጸዮን እጁን ይዛ ገልብጣ አሳየችው። ጣቱ ተሰንጥቆ ደም ይፈሳል። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ብቻ ጠየቀችው። ካምና ጀምሮ አላት። ነገ ጠዋት ዶክተሩ ጋ ኮል አደርጋለሁ አለችና ፋሻ ልታመጣ ሄደች።

እስክትመለስ ድረስ ዋለልኝ ስልኩን በግራ እጁ አነሣ። ሰላሙ ወዲያው መለሰ፤ ከበስተጀርባው የልጆች ጫጫታ ይሰማል፣ እነሱም ቤታቸው ናቸው።

«ሰላሙ» አለው። «በርሜሉ ደህና ነበር። ለሁሉም ንገርልኝ። ጣቴ ሞቶ ነው፤ እንደማይሰማኝ እያወቅሁ ነው ደረቅ ነው ያልኩት።»